መንቀጥቀጡን ዝም ማሰኘት ጥገና አይደለም

በአገራችን የገጠር መንገዶች ላይ ለረጅም ዘመን ካገለገሉ ተሽከርካሪዎች መካከል ቶዮታ ላንድክሩዘር ግንባር ቀደም ስፍራ እንዳለው ይታወቃል። በተለይ እ.ኤ.አ. በ1984 መመረት የጀመረው 70 ሲሪስ የተባለው ዓይነት፣ ግራና ቀኙን የፊት ጎማ በአንድ ጠንካራ አክስል ያያያዘና በባሌስትራ ላይ የተቀመጠ በመሆኑ ኮሮኮንቹን ችሎ ይሄዳል። ክትባት ወደ ጤና ጣቢያ፣ መሐንዲሱን ወደ ግንባታ ቦታ፣ ተማሪዎችንም ወደ መስክ ጥናት ያደርሳል። ይሁን እንጂ ዕድሜው በገፋ ቁጥር የፊት ክፍሉ ይላላል። አንድ ቀን በመጠነኛ ፍጥነት ሲጓዝ ጎድጓዳ ይመታና መሪው በሾፌሩ እጅ ውስጥ በኃይል ይርገበገባል፤ ፍጥነቱ ካልቀነሰ በስተቀር አያቆምም።

ከዚህ በኋላ በየጋራዡ የተለመደ መፍትሔ አለ። አዲስ የመሪ አሞርዛተር ይገዛል፣ ይገጠማል፣ መንቀጥቀጡ ይቀንሳል፣ መኪናውም በማግስቱ ወደ ሥራው ይመለሳል። የዚህ ጽሑፍ አቋም፣ ይህ ልማድ ጥገና ሳይሆን የበሽታውን ምልክት መደበቅ ነው የሚል ነው። ትክክለኛው ፍተሻ ውድ መሣሪያ አይጠይቅም፤ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ የሚያውቀውን ፊዚክስ በሥርዓት መጠቀምን ብቻ ይጠይቃል።

ሁለት ዓይነት መንቀጥቀጥ

መሪ ተንቀጠቀጠ ስንል ሁለት የተለያዩ ክስተቶችን በአንድ ስም መጥራታችን ነው። የመጀመሪያው በፊዚክስ ግዳጅ ንዝረት የሚባለው ነው። ለምሳሌ ዲያሜትሩ 80 ሴንቲ ሜትር የሆነ ጎማ በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር ሲጓዝ በሴኮንድ 9 ጊዜ ያህል ይዞራል። በቸርኬው ጠርዝ፣ ከመሐሉ 20 ሴንቲ ሜትር ርቀት ላይ፣ 50 ግራም ያህል ሚዛን ያልተስተካከለ ነገር አለ እንበል፤ ጭቃ ሊሆን ይችላል፣ የወደቀ የባላንስ እርሳስ ጉድለትም ሊሆን ይችላል። መጠነ ቁሱን በራዲየሱና በማዕዘናዊ ፍጥነቱ ስኩዌር ብናባዛ 31 ኒውተን የሚጠጋ ኃይል እናገኛለን። ይህም የ3 ኪሎ ግራም ዕቃ ክብደት አቅጣጫውን እየለዋወጠ በሴኮንድ 9 ጊዜ አክስሉን እንደ መሳብ ነው። ፍጥነቱ ከ40 ወደ 80 ኪሎ ሜትር ሲያድግ ይህ ኃይል በአራት እጥፍ ይጨምራል። የዚህ ዓይነቱ መንቀጥቀጥ ብዙውን ጊዜ በአንድ የተወሰነ ፍጥነት አካባቢ ይበረታል፤ ፍጥነቱ ሲያልፍም ረገብ ይላል። ሬዞናንስን የተማረ ሁሉ ምክንያቱን ይገነዘባል።

ሁለተኛው ግን ራሱን በራሱ የሚመግብ ንዝረት ነው። በሆስፒታል አልጋ ወይም በሱቅ ጋሪ ሥር ያለች ትንሽ ጎማ፣ ጋሪው ፈጠን ብሎ ሲገፋ ግራና ቀኝ ስትርገበገብ ያላየ ሰው የለም። ያንን ርግብግቢት ከውጭ የሚያወዛውዘው ሌላ ኃይል የለም፤ ጉልበቱ የሚመጣው ከጋሪው የወደፊት ጉዞ ነው። በመኪናም እንዲሁ ነው። ፈረንሳዊው መሐንዲስ ዦርዥ ብሩልዬ እ.ኤ.አ. በ1925 ስለ ፊት ጎማዎች መንቀጥቀጥ ባሳተመው ጽሑፍ፣ ላስቲኩ መሬት ላይ ወደ ጎን እየተንሸራተተ መሄዱ በዚህ ክስተት ውስጥ ያለውን ድርሻ አመልክቷል። ይህ ዓይነቱ መንቀጥቀጥ በአንድ ጉድጓድ ይቀሰቀሳል፤ ከተቀሰቀሰ በኋላ ግን ጉድጓዱ ቢያልፍም ይቀጥላል። እንግዲህ ሾፌሩ «መቼ ይጀምራል? መቼስ ያቆማል?» ለሚለው ጥያቄ የሚሰጠው መልስ የመጀመሪያው መረጃ ነው። መካኒኩ ብረት ከመፍታቱ በፊት ይህን ሊጠይቅ ይገባል።

አሞርዛተሩ የማይደርስበት ክፍተት

ጤናማ የፊት ክፍል ያላት መኪና ይህን ንዝረት ለምን ታፍነዋለች? በመጋጠሚያዎቹ ውስጥ ያለው ሰበቃና የአካላቱ ጥብቀት ከጉዞው የሚገባውን ጉልበት ስለሚያባክኑት ነው። መጋጠሚያ ሲያልቅ ግን በኳሱና በጎድጓዳው መካከል ክፍተት ይፈጠራል። በዚያች ክፍተት ውስጥ ጎማው ምንም የሚመልሰው ኃይል ሳያገኝ ይንቀሳቀሳል፤ ጫፍ ሲደርስ ይጋጫል። ግጭቱ ብረቱን ይቀጠቅጣል፣ ክፍተቱ ይሰፋል፣ የሰፋው ክፍተት ደግሞ ግጭቱን ያበረታዋል። ስለዚህ የላላ መጋጠሚያ ባለበት አይቆምም፤ መላላቱ እየተፋጠነ ይሄዳል።

አሁን አሞርዛተሩ የት እንደተሠራለት እንመልከት። አንደኛው ጫፉ ግራና ቀኝ ጎማዎችን ከሚያገናኘው የመሪ ዘንግ ወይም ከአጠገቡ ካለ አካል ጋር ይታሰራል። ጎማው ግን ከዚያ ዘንግ ጋር የሚገናኘው መካኒኮቻችን ቴስቲና በሚሉት ባለ ኳስ መጋጠሚያ በኩል ነው። ያለቀው ቴስቲናው ከሆነ፣ ጎማው በክፍተቱ ውስጥ ሲወዛወዝ ዘንጉ አይንቀሳቀስም፤ ዘንጉ ካልተንቀሳቀሰ አሞርዛተሩ ምንም አያውቅም። አዲሱ አሞርዛተር ትልቁን ርግብግቢት ያፍናል፣ የሾፌሩን እጅ ያሳርፋል፤ በክፍተቱ ውስጥ የሚካሄደውን ቅጥቀጣ ግን አያስቆምም። ሾፌሩም ማስጠንቀቂያው ስለጠፋለት በበለጠ ፍጥነት ይነዳል። አደጋው ያለው እዚህ ላይ ነው። ያለቀ ቴስቲና ከጎድጓዳው ከወጣ ጎማው ከመሪው ትእዛዝ ውጪ ይሆናል፤ ከኋላ የተቀመጡት ሰዎች ደግሞ ስለ አዲሱ አሞርዛተር የሚያውቁት ነገር የለም።

ክሪክ፣ እጅና አንድ ረዳት

ፍተሻው እንዲህ ይካሄዳል። መኪናው ደልዳላ ቦታ ላይ ይቁም፣ የኋላ ጎማዎቹ በድንጋይ ይታገዱ፣ የፊት አክስሉ በክሪክ ከተነሣ በኋላ በጠንካራ ድጋፍ ላይ ይረፍ። በክሪክ ብቻ በተያዘ መኪና ሥር መግባት ፈጽሞ አይገባም።

በመጀመሪያ ጎማውን ከላይና ከታች ይዞ መግፋትና መሳብ ነው። እዚህ ላይ ጎማው ራሱ የመለኪያ መሣሪያችን ይሆናል። በሞዞው ውስጥ ያሉት ሁለት ኩሽኔታዎች 8 ሴንቲ ሜትር ተራርቀው ቢቀመጡና የአንደኛው ክፍተት 0.1 ሚሊ ሜትር ቢሆን፣ ከመሐል 40 ሴንቲ ሜትር በሚርቀው የጎማው ጠርዝ ላይ እንቅስቃሴው 0.5 ሚሊ ሜትር ይሆናል። ዓይን የማያየውን ክፍተት እጅ የሚያገኘው በዚህ ማባዛት ነው።

ጎማው ከተወዛወዘ ጥፋተኛው ገና አልታወቀም። የሞዞው ኩሽኔታ ሊሆን ይችላል፤ ወይም ጎማው ግራና ቀኝ የሚዞርበትን አንጓ ከላይና ከታች የሚይዙት ኩሽኔታዎች ሊሆኑ ይችላሉ። ሁለቱን ለመለየት ረዳቱ የፍሬን ፔዳሉን ረግጦ ይያዝ። ፍሬኑ ሲይዝ ሞዞው ከአንጓው ጋር እንደ አንድ አካል ይተሳሰራል። መወዛወዙ ከጠፋ የላላው የሞዞው ኩሽኔታ ነበር፤ ከቀጠለ ግን ችግሩ ያለው አንጓው ላይ ነው። አንድ ሁኔታን ብቻ ለውጦ ሌላውን ሁሉ ባለበት ማቆየት ማለት ይኸው ነው፤ በቤተ ሙከራ የምናስተምረውም ከዚህ የተለየ አይደለም።

ቀጥሎ ጎማውን ከግራና ከቀኝ ይዞ ማወዛወዝ ቴስቲናዎቹን ያጋልጣል። ይበልጥ አስተማማኙ ፈተና ግን መኪናው በጎማዎቹ ላይ ቆሞ የሚደረገው ነው፤ መጋጠሚያዎቹ እውነተኛውን ጭነት ተሸክመዋልና። ረዳቱ ሞተር ሳያስነሣ መሪውን ትንሽ ወደ ግራ ትንሽ ወደ ቀኝ ያመላልሳል። ፈታሹ ከመሪው ማርሽ ሳጥን ጀምሮ እስከ ጎማው ድረስ እያንዳንዱን መጋጠሚያ በእጁ ይዳስሳል። አንደኛው ወገን ሲንቀሳቀስ ሌላኛው ዘግይቶ የሚከተልበት ቦታ የላላው ቦታ ነው። በዚሁ ጊዜ የማርሽ ሳጥኑ ቡሎኖች፣ ሻንሲው ላይ ያለ ስንጥቅ፣ የባሌስትራው ጎሚኒዎችና ስታፋዎች ይታያሉ። እ.ኤ.አ. ከ1999 ወዲህ የተሠሩት የዚህ ዓይነት መኪናዎች ፊታቸው ላይ ጥቅል ሞላ ስላላቸው፣ አክስሉን ወደ ጎን እንዳይሄድ የሚይዘው አግድም ዘንግና ጎሚኒዎቹ በጥንቃቄ ሊመረመሩ ይገባል።

ጥገናውም ልኬት አለው። ኩሽኔታ ሲጠብቅ «በቃ፣ ጠብቋል» ማለት አይበቃም። ከላላ ይቀጠቀጣል፤ ከመጠን በላይ ከጠበቀ ደግሞ ግሎ ይቃጠላል። የፋብሪካው መመሪያ ሞዞውን ማዞር ለመጀመር የሚያስፈልገው ኃይል በምን ያህል መካከል መሆን እንዳለበት ያመለክታል፤ ይህም በተራ የሞላ ሚዛን ይለካል። የጎማውን ቡሎን በሚዛኑ መንጠቆ ይዞ መሳብና ሞዞው መንቀሳቀስ ሲጀምር ቁጥሩን ማንበብ ነው። የቴስቲናው ዳዶ ከጠበቀ በኋላም መቆለፊያው ኮፒሊያ ሳይገባ መኪናው ከጋራዥ መውጣት የለበትም።

«ሁሉንም ቀይር» ለሚሉ

ሌላ አስተያየት እንዳለ አውቃለሁ። ጊዜ የለም፤ ስለዚህ ፍተሻውን ትቶ የፊቱን ዕቃ በሙሉ መቀየር ይሻላል የሚል ነው። በግልጽ ላልቶ የተገኘ አካል በአስቸኳይ መቀየሩን የሚቃወም የለም። ነገር ግን ሁሉንም በአንድ ጊዜ የቀየረ ሰው ጥፋቱ የት እንደነበረ አያውቅም። ስንጥቁ ሻንሲው ላይ ከነበረ አዲሶቹን ዕቃዎች በቶሎ ያስጨርሳቸዋል፤ ባለቤቱም ያንኑ ወጪ ደግሞ ያወጣል። በውጭ ምንዛሪ የሚገባ መለዋወጫ በግምት የሚባክንበት አገር ደግሞ ግማሽ ሰዓት የሚፈጅ ፍተሻን «ጊዜ የለም» ብሎ ሊያልፍ አይችልም።

ጥፋቱን በመካኒኮች ላይ ብቻ መጫንም ፍትሐዊ አይደለም። ብዙዎቹ ከላይ የጠቀስኩትን የፍሬን ፈተና ከማናችንም በተሻለ ያውቁታል። እንዳይሠሩበት የሚያስገድዳቸው «ለነገ አድርስልኝ» የሚለው ባለመኪና ነው፤ ያም ባለመኪና አንዳንድ ጊዜ የተማረ ሰው፣ እንዲያውም የሳይንስ ሰው ነው።

በእኛ በኩል ያለው ድክመት ሌላ ነው። ተማሪዎቻችን የተዳከመ ንዝረትን እኩልታ በሰሌዳ ላይ ይፈታሉ፤ ያንኑ ንዝረት በተቀመጡበት መኪና ውስጥ ሲያገኙት ግን «መንገዱ መጥፎ ነው» ብለው ያልፉታል። ስለዚህ አንድ ሐሳብ አቀርባለሁ። የፊዚክስ ትምህርት ክፍሎች ከአገልግሎት ውጪ ከሆነ መኪና አንድ የፊት አክስል አግኝተው በመካኒክስ ቤተ ሙከራ ያስቀምጡ። የአንደኛ ዓመት ተማሪ በሞላ ሚዛንና በስስ መለኪያ ክፍተቱንና ኃይሉን ይለካ፣ የላላውን መጋጠሚያ ለይቶ ያግኝ፣ ግኝቱንም ከነስሕተት ገደቡ ይጻፍ። አንድ ልምድ ያለው መካኒክም ተጋብዞ አብሮ ያስተምር። ወጪው ከአንድ ኦሲሎስኮፕ አይበልጥም ብዬ አምናለሁ።

እስከዚያው ድረስ ውድ ተማሪዎች፣ ለመስክ ጉዞ ስትወጡ መሪው ከተንቀጠቀጠ ሾፌሩን በአክብሮት ጠይቁት፤ በየትኛው ፍጥነት እንደጀመረ፣ በምን እንደቆመ፣ ጎማው በፍሬን ተይዞ መፈተሹን። መልሱ «አሞርዛተር ቀይረናል» ብቻ ከሆነ፣ መኪናው እንዲፈተሽ ከመነሣታችሁ በፊት ለጉዞው ኃላፊ አሳውቁ።