አላጠኑም አይበሉ

ይድረስ ለአንባቢዬ፤

ይህን ደብዳቤ የምጽፍልዎ ከአዲስ አበባው ሲግናል ሰፈር ነው። የ12ኛ ክፍል ውጤት በወጣ ሰሞን ከዚህ ተነሥቶ ታክሲ የተሳፈረ ሰው አንድ ወሬ ሳይሰማ አይወርድም። «የዛሬ ልጅ መች ያጠናል! ቀኑን ሙሉ ስልኩ ላይ ተጥዶ ነው የሚውለው» ይላል አንዱ። ሌላው ራሱን እየነቀነቀ «እኛ እንኳ በኩራዝ…» ብሎ ይቀጥላል። እኔም ብዙ ጊዜ ከነሱ ጋር ራሴን ነቅንቄ ወርጃለሁ። አሁን ግን ዝም ብሎ መውረድ አልሆነልኝም፤ ስለዚህ ይህን ጻፍኩልዎ።

በመጀመሪያ ቁጥሩን አብረን እንየው። በ2015 ዓ.ም. ፈተናውን ከወሰዱት 845,099 ተማሪዎች ውስጥ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 27,267 ብቻ ነበሩ። ከመቶ ሦስት ማለት ነው። 1,328 ትምህርት ቤቶች አንድም ተማሪ አላሳለፉም። በ2017 ዓ.ም. ያለፉት 48,929 ሆኑ፤ ከተፈተኑት 8.4 በመቶ። መሻሻል አለ። ፈተናው ከ2014 ዓ.ም. ተፈታኞች ጀምሮ በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ መሰጠቱም ኩረጃውን ቀንሶ እውነቱን ስላሳየን ጥሩ ነው እላለሁ።

ታዲያ አንድ ልጅ ሲወድቅ «አላጠናም» ማለት ይቻላል። የአንድ ትምህርት ቤት ተማሪ በሙሉ ሲወድቅስ? ከዚያ ሁሉ ልጅ መሐል የሚያጠና አንድ እንኳ ጠፋ ልንል ነው? እንዲህ ያለው ትምህርት ቤት በአንድ ሺህ ሲቆጠርስ? ስልክማ ብዙዎቹ የገጠር ልጆች በእጃቸው የሚይዙትም የላቸውም።

ከቤቴ ፊት ለፊት በመሠራት ላይ ያለ ሕንጻ አለ። የሌሊት ጥበቃው ገና ሃያዎቹን የጀመረ፣ ከጎጃም ገጠር የመጣ ልጅ ነው። በ2015 ዓ.ም. ተፈትነው ካላለፉት አንዱ ነው። ማታ ማታ ከቆርቆሮው አጥር ሥር፣ አምፖሉ በሚያርፍበት በኩል ተቀምጦ ደብተር ይገልጣል። በግል ተፈታኝነት እንደገና ሊቀመጥ ያስባል። አንድ ምሽት ዳቦ ይዤ ስገባ አጠገቡ ቆምኩ። «ጋሼ፣ ይቀመጡ» ብሎ የተቀመጠባትን ብሎኬት ለቀቀልኝና ደብተሩን ሰጠኝ።

የባዮሎጂ ማስታወሻ ነው፤ ከሰሌዳ የተገለበጠ። ርዕሱ በቀይ፣ ትርጓሜው በሰማያዊ እስክሪብቶ፣ ከሥሩ በማስመሪያ የተሰመረ። የገጾቹ ጥግ ከመገለጥ ብዛት ለስልሶ ጨርቅ መስሏል። ይህን ደብተር በእጁ ይዞ «አላጠናም» ለማለት አፉ የሚታዘዝለት ሰው ያለ አይመስለኝም።

«ኦስሞሲስ ምንድን ነው?» አልኩት። የእንግሊዝኛውን ትርጓሜ አንዲት ቃል ሳያዛንፍ አወረደው።

«በአማርኛስ?»

ዝም አለ። አቀርቅሮ የጫማውን ጫፍ ማየት ጀመረ።

«እናትህ ቋንጣ ስትሰቅል ሥጋውን በጨው ታሸው የለ? ያ ሁሉ ውሃ ከየት ይመጣል?»

«ጨው ከሥጋው ይስበዋላ!» አለኝ፤ ይሄ ደግሞ ይጠየቃል ወይ በሚል ዓይን እያየኝ።

«ኦስሞሲስ እኮ እሱ ነው።»

ደብተሩን ከእጄ ወስዶ ያችን ገጽ አዲስ እንደሆነች ሁሉ ትኩር ብሎ አያት። ቆየና በቀስታ «ይሄንንማ እናቴም ታውቀዋለች» አለ።

አንባቢዬ፣ ይህን ነገር ከሰማሁ ጀምሮ እንቅልፍ አጥቻለሁ። ይህ ልጅ አጥንቷል። የጎደለው ትጋት አይደለም። ያጠናው ነገር ከሚያውቀው ነገር ጋር ሳይገናኝ፣ በደብተሩና በአፉ መሐል ብቻ ሲመላለስ ነው የኖረው። «እስቲ በራስህ አነጋገር ንገረኝ» ብሎ የጠየቀው ሰው አልነበረም።

እኔም የገጠር ልጅ ስለሆንኩ ነገሩን በሩቁ አላወራውም። ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ ከመንደራችን የሦስት ሰዓት መንገድ ነበር። ዘጠነኛ ክፍል ስንገባ አራት ሆነን ወረዳው ከተማ ላይ አንዲት ክፍል ተከራየን። እሑድ ከሰዓት ስንቃችንን ተሸክመን እንገባለን። እንጀራው እስከ ረቡዕ ይደርሳል፤ ከዚያ በኋላ ድርቆሽና ቆሎ ነው፤ ዓርብ ደግሞ ወደ ቤት። ኩራዛችን ከቲማቲም ድልህ ጣሳ የተሠራች ነበረች፤ ክዳኗ ተበስቶ የጨርቅ ክር የወጣላት። ላምባ በጠርሙስ እየገዛን በጠብታ እንቆጥባለን። አራት ራስ ለአንዲት ነበልባል ሲሻማ የአንዱ ጥላ የሌላውን ደብተር ስለሚጋርደው በተራ እንጠጋ ነበር። ጠዋት ፊታችንን ስንታጠብ ከአፍንጫችን የሚወጣው ጥቁር ጥላሸት ነው። የመኸር ጊዜ ሲደርስ አባቶቻችን ለአጨዳ ይፈልጉናል፤ ከዚያ ስንመለስ ትምህርቱ ርቆ ሄዷል።

ያ ሁሉ ሆኖ ጥናታችን ምን ነበር? አንዱን ገጽ ከላይ እስከ ታች እስኪወጣልን ማነብነብ። ሽምደዳ። «አጥኑ» የሚለን ብዙ ነበር፤ አባት፣ ዘመድ፣ አከራያችን ሳይቀሩ። እንዴት እንደሚጠና ተቀምጦ ያሳየን ግን አልነበረም። ስምንተኛን እስክንጨርስ በአብዛኛው በአማርኛ ተምረን ዘጠነኛ ስንገባ ከቋንቋው ትምህርት በቀር ሁሉም በእንግሊዝኛ ሆነ። ያልገባውን ነገር መያዝ የሚፈልግ ልጅ ደግሞ ድምፁን ከመያዝ ሌላ ምርጫ የለውም። ዛሬም ያው ነው። አዲሱ ሥርዓተ ትምህርት ሲጀመርም በብዙ ቦታ መጽሐፉ ከትምህርቱ ዘግይቶ ነው የደረሰው። በሶፍት ኮፒ ቢላክ ስልክ የሌለው ልጅ በምን ያንብበው? ስለዚህ መምህሩ ሰሌዳ ላይ ይጽፋል፣ ልጁ ይገለብጣል፣ የገለበጠውን ይሸመድዳል። ለትምህርት የተመደበው ሰዓት በመገልበጥ ያልቃል።

ይህ አገር ግን ማጥናት የማያውቅ አገር አልነበረም። ልቤ የሚያዝነውም ለዚህ ነው። ወደ ዋሸራ፣ ወደ ጎንጅ፣ ወደ ዲማ የቤተ ክህነት ትምህርት ቤቶች ደበሎውን ለብሶ አኮፋዳውን አንግቶ የሄደው የቆሎ ተማሪ ከእኛ የባሰ እንጂ የተሻለ ምን ነበረው? ኩራዝም የለውም፤ በጨለማ ነው የሚያጠናው። ግን አንድ ነገር ነበረው። ንባብ ቤት የገባ ሕፃን ቀደም ካለው ልጅ ሥር ይቀመጣል፤ እሱ ያስቀጽለዋል። የያዘውን ለመምህሩ ያሰማል፤ ከሳተ ይታረማል፤ ካልያዘው ወደ ፊት አይሄድም። ነገ ደግሞ እሱ በተራው ከሥሩ የመጣውን ያስቀጽላል። ቅኔ ቤት ሲደርስማ የሌላውን መድገም ብቻውን አያወጣውም፤ የራሱን ቆጥሮ ለመምህሩ መንገር አለበት። የተማረው ሁሉ በሰው ፊት፣ በሰው ጆሮ ያልፋል።

ያ ዘመን ይመለስ ማለቴ አይደለም። ዱላው፣ ረሃቡ፣ የውሻ ንክሻው፣ በየመንገዱ የቀሩት ልጆች አይረሱኝም፤ ለሴት ልጅም ብዙ ቦታ አልነበረውም። ትምህርቱም በቃል መያዝ ይበዛበታል ተብሎ ሲነቀፍ ኖሯል። እኛ ግን የሚነቀፈውን፣ በቃል መያዙን፣ ወደ ዘመናዊው ትምህርት አሻገርንና የሚደነቀውን፣ ማሰማቱንና መታረሙን፣ እዚያው ትተነው መጣን።

ማሰማት ምን ያህል እንደሚጠቅም የውጭ ሰዎችም በሙከራ አረጋግጠውታል። በ2006 እ.ኤ.አ. ሮዲገርና ካርፒኪ የተባሉ ሁለት የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች በአሜሪካ ተማሪዎችን በሁለት መንገድ አስጠኑ። አንደኛው ወገን ጽሑፉን ደጋግሞ አነበበ። ሌላው አንብቦ ዘጋውና የሚያስታውሰውን ጻፈ። ከአምስት ደቂቃ በኋላ ሲፈተኑ ደጋግመው ያነበቡት በለጡ። ከሳምንት በኋላ ግን ነገሩ ተገለበጠ፤ ዘግተው ያስታወሱት ብዙ ይዘው ተገኙ። ደጋግሞ ማንበብ «አውቄዋለሁ» የሚያሰኝ ስሜት ይሰጣል፤ ስሜቱ ደግሞ ቶሎ ይተናል። የአገር አቀፉ ፈተና የሚመጣው ከአምስት ደቂቃ በኋላ አይደለም። ያ ጥበቃ ልጅ ሌሊቱን ሙሉ ቢያነበንብ፣ መጽሐፉን ዘግቶ ለአንድ ሰው ግማሽ ሰዓት ካሰማው ልጅ ሊያንስ ይችላል ማለት ነው። ይህ ፍርደ ገምድልነት አይደለምን? ጥረቱ ባልጠቀመ መንገድ የፈሰሰበት ልጅ ሲወድቅ «ሰነፍ» ይባላል።

የከተማው ልጅስ? እዚህ ሲግናል ያለ ተማሪ በታክሲ ወርዶ አራት ኪሎ፣ በ2014 ዓ.ም. የተከፈተው አብርሆት ቤተ መጻሕፍት ገብቶ መቀመጥ ይችላል። መብራት አለ፣ ወንበር አለ፣ መጽሐፍ አለ፣ ያልገባውን የሚጠይቀው ጓደኛ አጠገቡ አለ። ብዙዎቹ ያለፉ ዓመታት ፈተናዎችን አውርደው እየሠሩ ይገማገማሉ። ይህን ሁሉ «ጥሩ የጥናት ልማድ አለው» ብለን በልጁ ስም እንመዘግበዋለን እንጂ ልማዱ የተሠራው ከመብራቱ፣ ከወንበሩና ከጓደኛው ነው። ልዩ አዳሪ ትምህርት ቤቶች ሁልጊዜ ከፊት የሚታዩትም ተማሪዎቻቸውን መርጠው ስለሚቀበሉ ብቻ አይመስለኝም። የጥናት ሰዓት የተወሰነ ነው፤ ራት በሰዓቱ ይቀርባል፤ ውሃ ቅዳ፣ ከብት መልስ የሚል የለም።

ስለ ሴቶቹ ልጆች ደግሞ ለብቻው መናገር አለብኝ። እንደኛዋ ባለች የኪራይ ክፍል ወንዶቹ ደብተር ሲገልጡ ወጥ የምትሠራው እኅት ናት። ቅዳሜ ቤት ስትሄድ ጓያ ለመከካት፣ ጤፍ ለመልቀም፣ ውሃ ለመቅዳት ትፈለጋለች። ዘመድ ስለ ጋብቻ ሲያወራ ደግሞ ከጆሮዋ አያመልጥም። እሷ ለጥናት የሚተርፋት ጊዜ እንቅልፏ ብቻ ነው።

በዚህ ሁሉ ላይ ደግሞ ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ በአማራ ክልል የቀጠለው ግጭት ብዙ ትምህርት ቤቶችን ዘግቷል፤ በሚሊዮን የሚቆጠሩ ልጆች ከትምህርት ገበታ ርቀዋል። ዓመት ከዓመት በሩ ለተዘጋበት ልጅ ስለ ጥናት ዘዴ ማውራት ይከብደኛል። መጀመሪያ ሰላም ይምጣለት።

ግን እርስዎና እኔ ዛሬ ማታ የምንችለው ነገር አለ፤ ደብዳቤውን የጻፍኩትም ለዚሁ ነው። በዚህ በሲግናልና በአካባቢው ባሉ ብዙ ቤቶች ከገጠር መጥታ የምትሠራ ልጅ አለች። አመሻሽ ላይ ደብተሯን በፌስታል ይዛ ወደ ማታ ትምህርት ትወጣለች። ስትመለስ የራት ዕቃ ይጠብቃታል፤ ዕቃው ሲያልቅ መብራት ይጠፋል። ምናልባት በእርስዎም ቤት ትኖር ይሆናል። እባክዎ፣ ዕቃው ለአንድ ሌሊት ይደር፤ ወይም እርስዎ ይጠቡት። ግማሽ ሰዓት ይስጧት። ደብተሯን ተቀብለው ይዝጉትና «እስቲ ዛሬ የተማርሽውን ንገሪኝ» ይበሏት። ትምህርቱን ማወቅ አይጠበቅብዎትም፤ ደብተሩን ይዞ መከታተል ይበቃል። ከሳተች ገጹን ያሳዩዋት። ነገ ደግሞ ያንኑ እንደገና ይጠይቋት።

አገር ቤት የወንድምዎ ልጅ ካለ ደግሞ፣ ስልክ ሲደውሉ «ስንተኛ ወጣህ?» የሚለውን ጥያቄ ይተዉት። «የተማርከውን በአማርኛ አስረዳኝ» ይበሉት። መጀመሪያ ያፍራል፤ ሦስተኛው ላይ ይለምደዋል። ለበዓል ብር የሚልኩ ከሆነ ከሱ ቀንሰው አንዲት በፀሐይ የምትሞላ መብራት ይግዙለት። ከጎረቤት ልጆች ጋር ሆነው በዚያች መብራት ዙሪያ አንዱ አንዱን እንዲጠይቅ ይምከሩት፤ ቀደም ያለው የኋለኛውን ያስቀጽል።

መምህር ከሆኑም አንድ ልለምንዎት። ከአርባው ደቂቃ አሥሩን ከማስገልበጥ ያትርፉት። ደብተር አዘግተው ጥንድ ጥንድ ሆነው አንዱ ለአንዱ እንዲያሰማ ያድርጓቸው። ስልሳ ሰባ ልጅ በታጨቀበት ክፍል ሁሉን ማዳመጥ እንደማይችሉ አውቃለሁ፤ ልጆቹ ግን እርስ በርስ መደማመጥ ይችላሉ።

ያ ጥበቃ ልጅ አሁን በሳምንት ሦስት ቀን ይጠብቀኛል። ትናንት ማታ ብርዱ ከየካ በኩል እየወረደ ነበር፤ ጋቢዬን ደርቤ ወጣሁ። ብሎኬቷን በካርቶን አልብሶ አዘጋጅቶልኛል። ደብተሩን ዘግቶ እጄ ላይ አስቀመጠና ቆመ፤ ሲያሰማ መቀመጥ አይወድም።

«በአማርኛ ልጀምር ወይስ በእንግሊዝኛ?» አለኝ።

«በአማርኛ» አልኩት።

ጉሮሮውን ጠረገና ጀመረ።

አክባሪዎ፣
ከሲግናል