ምጣዱ በአንድ ወገን ሲያሳርር

ከአዘዞ የጻፉልን አንዲት ሠራተኛ እናት፣ የኤሌክትሪክ ምጣዳቸው እንጀራውን በአንድ ወገን እያሳረረ በሌላው ወገን ጥሬውን እየተወ እንዳስቸገራቸው ገልጸው ምክር እንድንሰጣቸው ጠይቀዋል። ሊጡን አቅጥነውም አወፍረውም ሞክረዋል፤ ዱቄትም ለውጠዋል። ጎረቤታቸው ግን «እጅሽ ነው እንጂ ምጣዱ ምን በደለ» ብለዋቸዋል። እኚህ እናት የሳምንቱን እንጀራ የሚጋግሩት እሑድ በመሆኑ፣ እንጀራው ሲበላሽ የሚጠፋው የጤፉ ዋጋ ብቻ ሳይሆን አንዲቷ የዕረፍት ቀናቸውም ጭምር ነው።

ጥያቄውን ዛሬ ያነሣነው ለእንጀራው ሲባል ብቻ አይደለም። ምጣድ አልሞቅ ሲል ገልብጦ ሽቦውን በቢላ መነካካት፣ የተበጠሰውንም ጠምዝዞ መቀጠል በየቤቱ የሚታይ ነገር ነው። ይህ ደግሞ ሕይወት ሊያስከፍል ይችላል።

በጉልቻ ላይ የምትጋግር እናት እሳቱን ታየዋለች። ነበልባሉ ወደ አንድ ወገን ካዘነበለ እንጨቱን ወደ ሌላው ትገፋለች፤ ከፊት ከሳሳ ጭራሮ ትጨምራለች። የኤሌክትሪክ ምጣድ ግን እሳቱ የተሸሸገ ነው። ከሸክላው ሥር እየዞረ የሚሄድ ቦይ አለ፤ በቦዩ ውስጥ እንደ ምንጭር የተጠቀለለ ቀጭን ሽቦ ተዘርግቶ በጀሶ ወይም በሸክላ ጭቃ ይሸፈናል። ሽቦው ሲግል ሸክላውን ያግላል። ሸክላ ደግሞ ሙቀትን ወደ ጎን በቶሎ አያስተላልፍም። ብረት ቢሆን ኖሮ ከአንዱ ዳር የጋለው ወደ ሌላው በተዳረሰ ነበር። ስለዚህ ከሥሩ ሽቦ የተጠጋጋበት ቦታ ያርራል፣ የሳሳበት ቦታ ይበርዳል።

እንግዲህ መጀመሪያ መለየት ያለበት የጎረቤትየዋ ነገር ነው፦ እጅ ነው ወይስ ምጣድ? ይህን ለማወቅ ገንዘብ አያስፈልግም። የኤሌክትሪኩ ገመድ ከምጣዱ በሚወጣበት በኩል በጠመኔ ምልክት ያድርጉ። ሁለት እንጀራ እንደወትሮው ቆመው ይጋግሩ። ከዚያም ወደ ምጣዱ ማዶ ዞረው፣ ከተቃራኒው ወገን ሆነው ሁለት ይጋግሩ። ጥሬው ቦታ ከምልክቱ አንጻር ከቀድሞው ካልተነቃነቀ ጥፋቱ የምጣዱ ነው። እርስዎ ሲዞሩ አብሮዎት ከዞረ ግን ሊጡ በአንድ ወገን እየወፈረ ነው ማለት ነው፤ ጎረቤትየዋም እውነት አላቸው።

ጥሬው ቦታ ካልዞረም ወዲያው ወደ ሽቦው አይሂዱ። ብዙ ጊዜ ጥፋተኛው የምጣዱ እግር ነው። ምጣድ በአንድ ወገን ትንሽ ካዘነበለ ሊጡ ወደዚያ ይወርድና ይወፍራል፤ የወፈረው ዓይን ሳያወጣ ሲቀር፣ የሳሳው ማዶ ይደርቃል፣ ያርራልም። ሲያዩት የሙቀት ጉድለት ይመስላል። ምጣዱ ቀዝቅዞ ከሶኬት ተነቅሎ ሳለ፣ ጠፍጣፋ ትሪ መሐሉ ላይ አስቀምጠው ጥቂት ውኃ ያፍስሱበት። ውኃው ወደ አንድ ዳር ከተጠራቀመ የእግሩን ሥር በጠፍጣፋ ድንጋይ ወይም በእንጨት ያስተካክሉ። ወለሉ ባልተስተካከለ ማድ ቤት ውስጥ በዚህች ብቻ የሚድን ምጣድ ብዙ ነው።

ክዳኑንም ይመልከቱ። የክዳኑ ጠርዝ ተቆልምሞ በአንድ በኩል ከምጣዱ ከራቀ እንፋሎቱ በዚያ ይወጣል፤ በዚያ በኩል ያለው እንጀራ ጫፉ ይደርቃል፣ ፊቱም ሳይበስል ይቆያል። ጠርዙን ማቃናት የአምስት ደቂቃ ሥራ ነው።

ይህ ሁሉ ተስተካክሎ ካልተለወጠ ሙቀቱን ራሱን እንፈትነው። ባዶውን ምጣድ ከድነው ሩብ ሰዓት ያህል ያግሉት። ከዚያ ክዳኑን አንሥተው ደረቅ ዱቄት በስሱ በፊቱ ላይ ይበትኑበት። ቀድሞ የሚጠቁረው ቦታ ሽቦው የተጠጋጋበት ነው፤ ዱቄቱ ነጭ ሆኖ የሚቆየው ሽቦው የተሳሳበት ነው። የሁለቱን ቦታ በወረቀት ላይ ክብ ሥለው ያመልክቱ፤ ይህን ወረቀት ለጠጋኙ ቢያሳዩት ከብዙ ንግግር ይሻላል።

ግማሹ ፈጽሞ ካልሞቀስ? አንድ ሽቦ ብቻ ያለው ምጣድ ሽቦው ሲበጠስ ሁለመናው ይጠፋል እንጂ በግማሽ አይሠራም። ግማሹ እየጋለ ግማሹ እንደ ድንጋይ ከቀዘቀዘ ምጣዱ ሁለት ጥቅል ያለው ነው፣ አንዱም ተበጥሷል ወይም ከመገናኛው ወልቋል።

በአንድ ወገን ሳይሆን በሙሉ ፊቱ ቀዝቀዝ የሚል ምጣድ ደግሞ ሌላ ነገር ነው። በዓል ሲቃረብ፣ በተለይም በጎንደር ለጥምቀት እንግዳ በሚጠበቅበት ሰሞን፣ ሰፈሩ ሁሉ በአንድ ምሽት ሲጋግር የመስመሩ ኃይል ይወርዳል። ኃይሉ ከ220 ቮልት ወደ 180 ቢወርድ የምጣዱ ሙቀት አንድ ሦስተኛ ያህል ይቀንሳል፤ ሙቀቱ የሚጎድለው ቮልቱ ከጎደለው በላይ ነውና። ለዚህ መድኃኒቱ ምጣዱን መክፈት ሳይሆን ሰዓት መለወጥ ነው። ማለዳ ወይም እኩለ ቀን ላይ በደንብ የሚጋግር ከሆነ ምጣዱ ጤነኛ ነው። ችግሩ በበዓል ብቻ ሳይወሰን በየምሽቱ ከሆነ ግን ጎረቤቶች ተሰብስበው ለአካባቢው የኤሌክትሪክ አገልግሎት ማዕከል ማመልከት ይኖርባቸዋል።

ሶኬቱንም በእጅዎ ጀርባ ዳሰስ ያድርጉ። 3500 ዋት የሚወስድ ምጣድ በ220 ቮልት 16 አምፔር ያህል ይጎትታል። ለራዲዮና ለአምፖል የተዘረጋ ቀጭን ገመድ ይህን አይችልም። ስፒናው ከጋለ፣ ከጠቆረ ወይም የተቃጠለ ፕላስቲክ ከሸተተ በዚያ ቀን መጋገሩ ይቁም። ማከፋፈያ ላይ ምጣድና ካውያ አብሮ መሰካት እሳት መጥራት ነው።

አሁን ወደ ጥገናው። የተበጠሰ ሽቦ ጫፍና ጫፉን ጠምዝዞ ማያያዝ ለጊዜው ምጣዱን ያስነሣዋል፤ ብዙዎች የሚታለሉትም በዚህ ነው። የተጠመዘዘው ቦታ ከሌላው ይልቅ ይግላል፣ እዚያው እንጀራውን ያሳርራል፣ ብዙም ሳይቆይ እዚያው ይበጠሳል። በየጥገናው ሽቦው ሲያጥር ደግሞ የሚስበው ኃይል እየጨመረ ይሄዳል። ስለዚህ ሁለት ጊዜ የተበጠሰ ሽቦ ሙሉ በሙሉ ይለወጥ። ሥራውን የኤሌክትሪክ ባለሙያ ይሥራው፤ ሲሠራም አጠገቡ ቆመው አዲሱ ጥቅል በቦዩ ውስጥ ከዳር እስከ ዳር እኩል መሳቡን ይመልከቱ። በአንድ ቦታ ተጨማድዶ በሌላው ተለጥጦ ከተቀመጠ የድሮው ችግር በአዲስ ሽቦ ተመለሰ ማለት ነው።

ከሁሉ የሚያስፈራን የተሰነጠቀው ሸክላ ነው። በስንጥቁ የገባ ሊጥ ወይም ውኃ ሽቦው ጋ ሲደርስ ኤሌክትሪኩ ወደ ምጣዱ አካል ይወጣል። እጃችን በሊጥ እንደራሰ፣ በባዶ እግራችን ሲሚንቶ ላይ ቆመን የምንጋግር ስንት ነን? ምጣዱ ሲነኩት ነዘር ካደረገዎት፣ ትንሽም ቢሆን፣ «ይቆነጥጣል» ተብሎ አይታለፍ። ወዲያው ከቆጣሪው አጠገብ ካለው ማጥፊያ ያጥፉት፣ ከዚያ ይንቀሉት። ባለሙያውም ትርፍ ኤሌክትሪክን ወደ መሬት የሚወስደው ሽቦ መኖሩን እንዲያረጋግጥ ይጠይቁ፤ በብዙ ቤት ይህ ሽቦ የለም። ልጆችም ምጣዱ በሚጋልበት ሰዓት ከአጠገቡ ይራቁ።

ሸክላው መለወጥ ካለበት፣ ሲገዙ በጣትዎ አንጓ መታ መታ ያድርጉት። ጤነኛ ሸክላ ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣል፤ ስንጥቅ ያለበት ድምፁ ይታፈናል። ውፍረቱንም ከዳር እስከ ዳር በመዳፍዎ ይለኩ፣ ወፍራም ወገን ዘግይቶ ይግላልና። ከጎንደር ወደ ደባርቅ በሚወስደው መንገድ ላይ የምትገኘው ወለቃ በሸክላ ሥራ የታወቀች ስለሆነች፣ ሸክላ ማወቅ ለሚፈልግ ከሠሪዎቹ ብዙ መማር ይቻላል።

አዲሱ ሸክላ በጎመን ዘር በደንብ ሳይሟሽ አይጋገርበትም። ከሁለት ሳምንት በኋላ እንጀራው በአንድ ቦታ እየያዘ ካስቸገረ ግን ዱቄቱን በትነው ይፈትኑት፤ በዚያ ቦታ እንደ ሌላው ከጠቆረ ሙቀቱ ደኅና ነው፤ የጎደለው ማሰሻ ነውና፣ የደቀቀ ጎመን ዘር በጨርቅ አድርገው ደጋግመው ይሰሱት።

ጠያቂያችን እስከዚያው ለዚህ እሑድ እንጀራ ምን ያድርጉ? ምጣዱ የማይነዝርና ያልተሰነጠቀ ከሆነ፣ ከድነው ከወትሮው ሩብ ሰዓት አስበልጠው ያግሉት፤ ከዚያም ሊጡን ከማፍሰስዎ በፊት ለሁለት ደቂቃ ያህል ያጥፉት፤ የጋለው ወገን ጥቂት ይበርዳል። በቀዝቃዛው ወገን በኩል ሊጡን ሳሳ አድርገው ያዙሩት።