የእጅ መገጣጠሚያ የአልትራሳውንድ ንጽጽር በአርሲ ከጤነኛ ገበሬ እጅ ይጀምር

በአማርኛ «ቁርጥማት» የሚለው ቃል ብዙ በሽታዎችን አንድ ላይ ይሸከማል። የሰውነት መከላከያ ሥርዓት የገዛ ራሱን አካል ሲያጠቃ ከሚመጡት መካከል ሩማቶይድ አርትራይተስ፣ ሉፐስና ሶሪያቲክ አርትራይተስ ሁሉም እጅን ያሳብጣሉ፤ ጠባያቸው ግን ይለያያል። የመጀመሪያው የመገጣጠሚያውን ሽፋን አሳብጦ አጥንቱን ይሸረሽራል። በሉፐስ ጣቶች ሊጣመሙ ይችላሉ፤ ሐኪም ሲያቃናቸው ግን አብዛኛውን ጊዜ ይቃናሉ። ሦስተኛው የጣት ጫፍ መገጣጠሚያዎችንና ጅማት ከአጥንት ጋር የሚያያዝበትን ስፍራ ያዘወትራል። አልትራሳውንድ ይህን ልዩነት ያለ ጨረር ያሳያል፤ ኤክስሬይ ገና ያላየውን መሸርሸርም ሊደርስበት ይችላል። የሽፋኑ መወፈርና በዶፕለር የሚታየው የደም ፍሰት እያንዳንዳቸው ከ0 እስከ 3 ይመዘናሉ።

ስለዚህ ሕሙማኑን በሦስት ቡድን ከፍሎ ነጥባቸውን ማነጻጸር ቀላል የጥናት ንድፍ ይመስላል። በእኔ እምነት ግን ለአርሲ ይህ ብቻውን አይበቃም። ዝቅተኛ ነጥብ፣ በተለይም 1፣ በጤነኛ ሰውም ላይ ይገኛል። ዕድሜውን ሙሉ ስንዴና ገብስ ሲያርም፣ በማጭድ ሲያጭድና ላም ሲያልብ የኖረ እጅ ደግሞ የሥራና የዕድሜ ምልክት ሊኖርበት ይችላል። ሕሙማንን ከሕሙማን ጋር ብቻ የሚያነጻጽር ጥናት የበሽታውን ድርሻ ከሥራው ድርሻ ሊለይ አይችልም። ስሕተቱም በወረቀት ላይ አይቀርም። ያለ በቂ ምክንያት ሜቶትሬክሴት የተጀመረላት ሴት በእርግዝና ጊዜ የተከለከለና የደምና የጉበት ክትትል የሚሻ መድኃኒት ትወስዳለች፤ በሽታው የታለፈበት ሰው ደግሞ በወራት ውስጥ የማይመለስ የአጥንት ጉዳት ሊደርስበት ይችላል።

ሌላው ጉዳይ ብርድ ነው። አሰላ ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች፤ የጭላሎን የማለዳ ቁር የሚያውቅ ያውቀዋል። ቅዝቃዜ የደም ሥሮችን ስለሚያጠብ የዶፕለሩን ምልክት ያደክማል። መቃኛውን አጥብቆ መጫንና ሕመምተኛው ቀደም ብሎ የዋጠው ዲክሎፌናክም እንዲሁ። ስለዚህ በማለዳ ከገጠር የመጣ ታካሚ እጁ ሳይሞቅ ቢመረመር የሚያገኘው 0 ሊያሳስት ይችላል። መፍትሔው ርካሽ ነው፦ በሞቀ ክፍል ማቆየት፣ ጄሉን ማብዛት፣ የተወሰደውን የሕመም ማስታገሻና ፕሬድኒሶሎን መመዝገብ።

መሣሪያውን በተመለከተ፣ ለእርግዝናና ለሆድ ምርመራ የሚያገለግለው ቆልማማ መቃኛ ለጣት አይሆንም፤ ከፍተኛ ድግግሞሽ ያለው ቀጥተኛ መቃኛ ያስፈልጋል። ማነጻጸሪያ ቡድኑ ግን ወጪ አይጠይቅም። በየሆስፒታሉ ኮሪደር ቁርጥማት ሳይኖርባቸው ሰው ለማስታመም የሚመጡ፣ በዕድሜም በሥራም ከታካሚዎቹ የሚመሳሰሉ ገበሬዎች አሉ። ሩማቶይድ አርትራይተስ በቤተሰብ የመደጋገም ዝንባሌ ስላለው፣ የታካሚዎቹ የሥጋ ዘመዶች ሳይሆኑ በቀዶ ሕክምናና በሌሎች ክፍሎች ያሉት አስታማሚዎች ፈቃዳቸው ተጠይቆ ቢካተቱ ይመረጣል።