ጂንካ ውጭ አገር ናትን?

የተግባር ልምምድ ምደባ በተለጠፈ ዕለት አንዱ ባልንጀራችን ከስሙ ትይዩ «ጂንካ» የሚለውን ሲያነብ፥ «ምነው፥ ከአገር ሊያስወጡኝ ነው እንዴ?» አለ። ሁላችንም ሳቅን። እኔም ሳቅሁ፤ ይኸውም ዓይኔ ወደ ታች ወርዶ የራሴን ስም ከዚያው ቃል ጋር እስኪያገኘው ድረስ ነው።

ውድ አንባቢ፥ ነገሩ በውነት ውጭ አገር እንደ መሄድ ቢሆን ኖሮ በተሻለ ነበር። ወደ በርሊን ለልምምድ የሚላክ ተማሪ አስቀድሞ ቋንቋ ይማራል፤ በሰው ቤት እንዴት እንደሚቀመጥ፥ ምን እንደሚያስቀይም ይጠይቃል። ወደ ደቡብ ኦሞ የሚወርደው ግን ካሜራና የወባ መድኃኒት ሸክፎ ይነሣል። እኔም እንዲሁ ነበርሁ። አርባ ምንጭን፥ ኮንሶን፥ ወይጦንና ቀይ አፈርን አልፌ ጂንካ ስገባ የማውቀው «ሙርሲ» እና «ሐመር» የሚሉትን ስሞች ብቻ ነበር። በከተማይቱ ዙሪያ የሚያርሰው ሕዝብ አሪ መሆኑን እንኳ የሰማሁት ምሳ ስበላ ነው።

በሁለተኛው ሳምንት ከመሥሪያ ቤቱ ሰዎች ጋር ዲመካ አጠገብ ወዳለ የሐመር መንደር ወረድን። ማለዳ ነበርና ቡና ቀረበልን። ቡናው ከገለባው የተፈላ ነው፤ የሚጠጣውም በቅል ነው። የቤቱ ሽማግሌ ጥቂት በአፋቸው ያዙና ወደ ውጭ እፍ ብለው እየረጩ መናገር ጀመሩ፤ ዙሪያውን የተቀመጡትም ይቀበሏቸው ነበር። ጠብታው እጄ ላይ አረፈ። እኔም መሐረቤን አውጥቼ ጠረግሁት። አስተርጓሚያችን የአሥረኛ ክፍል ተማሪ ነበር፤ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ፥ «የጠረግኸው ምርቃት ነው» አለኝ።

ሽማግሌው የሚጠሩት ባርጆን ነበር። ባርጆ ማለት ዝናቡም፥ የከብቱ መርባትም፥ የልጆች ጤንነትም በአንድነት የሚገኙበት በረከት ነው፤ ሰው ሲጠራው ይመጣል፤ ካልጠራው ይርቃል ይላሉ። አያቴ «እንትፍ እንትፍ» ብለው ሲመርቁኝ አንድ ቀን ግንባሬን ጠርጌ አላውቅም። እንግዲህ በሐመር ቤት መሐረብ ያስወጣኝ ንጽሕና ነበርን? አይመስለኝም።

ከጀርመን የመጣው ኢቮ ሽትሬከርና ባለቤቱ ጂን ሊዳል ከ1962 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ ሐመር ዘንድ ተቀምጠው ቋንቋውን ተማሩ። በ1971 ዓ.ም. ገደማ ባሳተሙት ባለ ሦስት ክፍል መጽሐፍ አንዱን ክፍል የሞላው የአስተናጋጃቸው የባልዳምቤ ቃል ነው፤ እርሱ ያስረዳል፥ እነርሱ ይጽፋሉ። በጂንካ የሚገኘውን የደቡብ ኦሞ የምርምር ማእከልና ሙዚየም የሚጎበኝ ሰው የዚህን ሥራ ፍሬ ያያል። እኛ ግን የአንድ አገር ልጆች ሳለን በአስተርጓሚ ቡና እንጠጣለን።

«ታዲያ ያየነውን ሁሉ አሜን እንበልን?» የሚለኝ አይጠፋም። በከብት ዝላይ በዓል ላይ የዘላዩ ዘመድ የሆኑ ሴቶች ራሳቸው እየጠየቁ በልምጭ ሲገረፉ አይቻለሁ፤ ዛሬም አልተቀበልሁትም። አንዲት ሴት ግን ጀርባዋ ላይ ያለው ጠባሳ በወንድሟ ላይ ያላት ዕዳ መሆኑን፥ በክፉ ቀን እንደምታሳየው ነገረችኝ። ይህን ማወቄ ልምጩን አላስወደደኝም፤ ነገር ግን ክርክሩ ከምን ላይ መጀመር እንዳለበት አሳየኝ። ከዚህ የከበደ ነገርም ነበር፤ ይኸውም የላይ ጥርሱ ቀድሞ የበቀለ ሕፃን «ሚንጊ» ተብሎ የሚጣልበት ልማድ ነው። የካራ ሽማግሎች በ2004 ዓ.ም. ይህን ልማድ ሻሩ። ብዙ የደከመበት ላሌ ላቡኮ ራሱ የካራ ልጅ ነው፤ ትምህርት ቤት ገብቶ ተምሮ ተመልሶ ሽማግሎቹን በቋንቋቸው አነጋገረ። የእኛን የሁለት ወር ሪፖርት ያነበበ ሽማግሌ ግን ከቶ አልሰማሁም።

በ1957 ዓ.ም. የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ከመመረቃቸው በፊት አንድ የትምህርት ዓመት በየጠቅላይ ግዛቱ ማገልገል ጀምረው ነበር። ያ አገልግሎት ጉድለት አልነበረውም አልልም፤ ብዙዎቹ እያጉረመረሙ ሄደዋል። ሆኖም አንድ ዓመት በአንድ መንደር የኖረ ሰው ቢያንስ ሰላምታ መስጠት ይማራል። እኔ በሁለት ወር ያንንም በቅጡ አልተማርሁም።

ስለዚህ የተማሪዎች ማኅበራችን ልምምዱ ቢያንስ ወደ አንድ ሙሉ ሴሚስተር ከፍ እንዲል ይጠይቅ እላለሁ። ከመሄዳችን በፊትም በዚሁ ግቢ ከእኛ ጋር የሚማሩት የደቡብ ኦሞ ልጆች ቋንቋ ያስተምሩን፤ እስካሁን ማንም የጠየቃቸው የለም፤ እኔም አልጠየቅኋቸውም። ሪፖርቱም ለመምህሩ ብቻ ሳይሆን ለተጻፈበት ሰው ይነበብ።

የእኔ ሪፖርት 31 ገጽ ነው፤ «ኤ» አግኝቶበታል። ያን ማለዳ የሚመለከተው አንድ መሥመር ሲሆን፥ «እንግዶች ባህላዊ ቡና ተጋብዘዋል» ይላል።