ከምጣዱ የሚተርፈው ሙቀት

የዛሬው ጉዳያችን የተገኘው ከአንዲት የባሕር ዳር ጎረቤቴ ማጀት ነው። እኚህ እናት እንጀራ ጋግረው ለምግብ ቤቶች በማስረከብ ሦስት ልጆች ያሳድጋሉ። የኤሌክትሪክ ምጣዳቸው መሐሉ ላይ በመሰንጠቁ አዲስ ለመግዛት ከየሳምንቱ ገቢያቸው ጥቂት በጥቂት ሲያጠራቅሙ ከርመዋል። ገንዘቡ ሊሞላ ሲቃረብ የ10ኛ ክፍል ተማሪ የሆነው ታላቁ ልጃቸው አንድ ሐሳብ ይዞ መጣ። «እማዬ፣ ይህ ሁሉ ሙቀት እኮ በከንቱ ነው የሚጠፋው። ሙቀትን ወደ ኤሌክትሪክ የሚለውጥ ትንሽ ሰሌዳ አለ። ከምጣዱ በፊት እሱን እንግዛ፤ መብራት ሲጠፋ እንኳ የራሳችን ይኖረናል» አላቸው።

እናትየው ጨነቃቸው። ልጁን ማሳፈር አልፈለጉም፤ የምጣዱን ገንዘብም መበተን አልፈለጉም። «አንቺ የጋዜጣ ሰው ነሽ፣ እስቲ ጠይቂልኝ። ልጄ እውነቱን ነው ወይስ ገንዘቤን ሊያስበላኝ ነው?» ሲሉ ለእኔ ጣሉት። እኔም ጠይቄና አንብቤ የደረስኩበትን ለእርሳቸው ከመንገሬ ጋር ለእናንተም ላካፍላችሁ ወደድኩ።

አስቀድሜ የልጁን ውለታ ልክፈል። ነገሩ ተረት አይደለም። ሁለት ዓይነት ብረቶች ተጋጥመው አንዱ ጫፍ ሲሞቅ ሌላው ሲቀዘቅዝ የኤሌክትሪክ ኃይል እንደሚፈጠር ፍንጩን ያገኘው ዜቤክ የተባለ ጀርመናዊ ተመራማሪ ሲሆን፣ ጊዜውም እ.ኤ.አ. 1821 ነበር። በሶቪየት ኅብረትም እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ መብራት ላልገባባቸው ገጠሮች በላምባ ፋኖስ አናት ላይ የሚገጠም እንዲህ ያለ መሣሪያ ተሠርቶ ሬዲዮ ያሰማ ነበር። ቤተሰቡ በፋኖሱ ብርሃን እራቱን ይበላል፣ በፋኖሱ ሙቀት ደግሞ ዜናውን ያዳምጣል። ፋኖሱ ለብርሃን ሲባል መብራቱ ስለማይቀር የሬዲዮው ኃይል ምርቃት ነበረ ማለት ነው።

በዚህ ሙያ የአንዲት ሴት ስም መነሣቱንም ሳልነግራችሁ አላልፍም። ማሪያ ቴልክስ እ.ኤ.አ. በ1900 ቡዳፔስት ተወልደው በአሜሪካ የሠሩ ሳይንቲስት ናቸው። በ1947 ከሙቀት ኤሌክትሪክ የሚያወጣ መሣሪያ ሠርተው ከመቶ 5 እጅ ያህል ውጤት አገኙ። በሚቀጥለው ዓመት ደግሞ ኤሊኖር ሬይመንድ ከተባሉ ሴት የሕንፃ ነዳፊ ጋር ሆነው፣ የፀሐይን ሙቀት በጨው ውስጥ አጠራቅሞ በክረምት የሚሞቅ ቤት በማሳቹሴትስ አቆሙ።

ልብ በሉ፣ ያ ትልቅ ውጤት የተባለው ከመቶ 5 ነው። ዛሬ በገበያ የሚገኙት ሰሌዳዎችም በምጣድ ሙቀት ልክ ቢሠሩ ከመቶ ከ3 እስከ 5 ቢሰጡ ነው። እንግዲህ የማጀታችንን ሒሳብ እናስላ።

አንድ የኤሌክትሪክ ምጣድ 3.5 ኪሎዋት ያህል ይስባል። ለማሟቅ ሩብ ሰዓት፣ ለመጋገር ደግሞ አንድ ሰዓት ከሩብ ቢፈጅ ቆጣሪው ከ5 ኪሎዋት ሰዓት በላይ ይቆጥራል። በሳምንት ሁለት ቀን ለሚጋገርበት ቤት ይህ በወር 40 ያህል ነው። የቤት ታሪፍ ፍጆታ ሲጨምር በየእርከኑ እየተወደደ እንደሚሄድ ደግሞ ደረሰኙን አይታችሁ ታውቁታላችሁ። ጋግረን ስንጨርስ ምጣዱ 200 ዲግሪ ገደማ እንደጋለ ይቀራል። ሸክላው 10 ኪሎ ቢመዝን በውስጡ የቀረው ሙቀት 0.4 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ነው። ሰሌዳው ይህን ሁሉ ሳይባክን ቢያገኝ፣ መቼም አያገኘውም፣ የሚሰጠን በዛ ቢባል 0.02 ነው። አንድ የእጅ ስልክ ቢሞላ ነው።

ልጁ በዚህ አልተረታም። «ታዲያ ምጣዱ እየጋገረ እያለ ከሥሩ ብናደርገውስ?» አለ። ጥያቄው ብልህ ነው፤ መልሱ ግን ይብሳል። ከሥር የሚወሰደው ሙቀት ለእንጀራው ይሆን የነበረ ሙቀት ስለሆነ፣ ምጣዱ እሱን ለመተካት ከቆጣሪው ሌላ ይስባል። መቶ ብር ከፍሎ አምስት ብር መልስ መቀበል ማለት ነው። በዚያ ላይ መብራት ሲጠፋ ምጣዱም አብሮ ይጠፋል፤ ትርፍ ሙቀት የሚኖረን መብራት ባለ ጊዜ ብቻ ነው! ሌላው፣ በምጣዱ ሥር ሬዚስታንሱና የጋሉ ሽቦዎች አሉ፤ የልጅ እጅ የሚገባበት ቦታ አይደለም። ይህን ለልጁ ቆጣ ብዬ ነው የነገርኩት።

ፍሪጅም ተነሥቶ ነበር። የፍሪጅ ጀርባ እንደሚሞቅ ሁላችንም እናውቃለን። ነገር ግን ያ ሙቀት 40 ዲግሪ ገደማ ብቻ ስለሆነ ከክፍሉ አየር ብዙም አይለይም፤ ኤሌክትሪክ ደግሞ የሚገኘው ከልዩነቱ ነው። ይባስ ብሎ በጀርባው ላይ አንድ ነገር ብንለጥፍበት ሙቀቱ መውጫ አጥቶ ሞተሩ ያለ ዕረፍት ይሠራል። ለባሕር ዳር ሙቀት የሚበጀው ፍሪጁን ከግድግዳው አንድ ስንዝር አርቆ ጀርባውን ከአቧራ መጥረግ ነው። ጀርባው ላይ ካልሲ የምታደርቁ እህቶችም አላችሁ፤ አይቻችኋለሁ።

እዚህ ላይ እኛ የጣና ዳር ሰዎች ልናስበው የሚገባ ነገር አለ። ምጣዳችን ላይ ሙቀት የሚሆነው ኤሌክትሪክ ከየት መጣ? ባሕር ዳርንና የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካዋን ያበራው የመጀመሪያው የጢስ ዓባይ ጣቢያ እ.ኤ.አ. በ1964 ሥራ ሲጀምር አቅሙ 11.4 ሜጋዋት ነበር። ዛሬ በአንድ ጊዜ ቢሰኩ 3,250 ያህል ምጣዶች ብቻቸውን ይጨርሱታል። በ2002 ዓ.ም. የተመረቀው የጣና በለስ ጣቢያ ደግሞ የሐይቁን ውሃ በዋሻ ወስዶ 460 ሜጋዋት ለማመንጨት የተሠራ ነው። የሐይቁን ውሃ በከፍታ አውርደን ኤሌክትሪክ አደረግነው፤ ኤሌክትሪኩን በምጣድ ሙቀት አደረግነው። ያንን ሙቀት መልሶ ኤሌክትሪክ ማድረግ፣ ከተፈጨ ዱቄት ጤፍ ለመልቀም እንደመሞከር ነው። ሙቀቱ ሙቀት እንደሆነ ሥራ ላይ ሲውል ግን ነገሩ ሌላ ነው።

ለዚህ ጥሩ ምሳሌ አገራችን ውስጥ አለን። በ1980ዎቹ አጋማሽ የተሠራውን «ምርጥ» የተባለውን የማገዶ ምድጃ የምታውቁ ብዙ ናችሁ። ከሲሚንቶና ከአሸዋ ወይም ከቀይ አሸዋ የሚሠራ ሆኖ፣ ምጣዱን ዙሪያውን ይከልለዋል። ጭሱ የሚወጣው በኋላ በኩል ሲሆን፣ እዚያው ላይ ድስት መጣጃ አለው። እንጀራው እየተጋገረ ሳለ፣ ሊወጣ የነበረው ሙቀት ውሃ ወይም ወጥ ያሞቃል። በሦስት ጉልቻ ላይ ከሚነደው ማገዶ እስከ ግማሽ ያህል ያድናል። ከዘጌ በኩል ማገዶ ጭነው ሐይቁን የሚያቋርጡትን ታንኳዎች ያየ ሰው ግማሽ ማለት ስንት ሸክም እንደሆነ ይገባዋል።

ለኤሌክትሪክ ምጣድ ባለቤቶችስ? ጎረቤቴ ጋ ተቀምጠን የተስማማንበት ይህ ነው። የመጨረሻውን አንድ ወይም ሁለት እንጀራ ምጣዱን አጥፍቶ በቀረው ሙቀት መጋገር ይቻላል። የኋለኛው ዓይኑ ቢያንስ ለቤት ይሁን። ምጣዱ ለአራት ደቂቃ ያህል አስቀድሞ ስለጠፋ የሚተርፈው ኃይል ያ የተባለው ሰሌዳ በስንት መከራ ከሚሰጠው ከ10 እጥፍ ይበልጣል። አክንባሎውም ምጣዱ ላይ በደንብ ይገጠም፤ ጠርዙ የተሸረፈ አክንባሎ እንፋሎቱን እያወጣ ሒሳብ ያስከፍላችኋል። ከሁሉ የሚበልጠው ግን ማሟቂያው ነው። ምጣዱ በተሰካ ቁጥር አንድ እንጀራ ሳይወጣ 0.9 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ይሄዳል። ስለዚህ ሁለቴ ጥቂት ጥቂት ከመጋገር አንዴ አጠራቅሞ መጋገር ይሻላል። በአንድ ግቢ የምትኖሩም በጋለው ምጣድ ላይ ተራ ብትይዙ ማሟቂያውን ተካፈላችሁት ማለት ነው። ማን ሊጡን ቀድሞ ያወጣል የሚለውን ክርክር እኔ አልገባበትም።

አንድ ነገር ላይ ግን ሳንስማማ ቀረን። እኔ ከተጋገረ በኋላ ድስት ሙሉ ውሃ ምጣዱ ላይ ይጣድ ስል ጎረቤቴ ብድግ አሉ። «ምጣዴ ላይማ ድስት አይቀመጥም! ከተበላሸ ነገ እንጀራው አልላቀቅ ቢለኝ አንቺ ትመጪልኛለሽ?» አሉኝ። እውነታቸውን ነው፤ ያሰሹትና የለመዱት ምጣድ እንጀራቸው ነው። በዚያ ላይ ቀዝቃዛ ውሃ የጋለ ሸክላ ላይ ቢንጠባጠብ ይሰነጥቀዋል። ወጥና ባቄላን በሚመለከት ግን ያለ ምጣድም ይሆናል። ባሕር ዳር ከፍታ ላይ ስላለች ውሃ የሚፈላው በ94 ዲግሪ ገደማ ነው፤ እሳቱን ብናበዛ እንፋሎት ከማብዛት በቀር ባቄላው ቶሎ አይበስልም። በሚገባ የፈላውን ድስት ክዳኑን ሳንከፍት ከምድጃው አውርደን በጋቢ ጠቅልለን ብንተወው በራሱ ሙቀት መብሰሉን ይቀጥላል። የፋብሪካ ፈረቃ ያለባችሁ እህቶች ማለዳ ጠቅልላችሁ ብትወጡ ቤት እሳት ሳትተዉ ባቄላችሁ ይለሰልሳል። ስትመለሱ ግን ሳትበሉት በፊት እንደገና በደንብ አፍሉት። ሥጋ ያለበትን እንዲህ አድርጋችሁ አታሳድሩ።

ምጣዱ ባለፈው ሐሙስ ተገዛ። ልጁ ለሁለት ቀን አኩርፎ ነበር። እሑድ ስሄድ ግን አስታርቀውታል፤ እናትየው ለዚሁ ብቻ የሚሆን ሥሩ ንጹሕ የሆነ ስስ ድስት ፈቅደውለታል። ምጣዱን ነቅሎ፣ ሁለት ሊትር ውሃ በጥንቃቄ አስቀምጦ፣ አክንባሎውን ደፍቶበት ሰዓቱን እየጻፈ ነበር። ውሃው ሞቆ ሲወጣ ትንሿ እኅቱ ሳፋዋን ይዛ ደጃፉ ላይ ትጠብቅ ነበር።