ከሆስፒታል መውጣት መዳን አይደለም

እቴጌ ምንትዋብ በጎንደር የደብረ ፀሐይ ቁስቋም ቤተ ክርስቲያንንና ቤተ መንግሥታቸውን ያሠሩበት ከፍታ ለጤነኛ ሰው ደስ የሚል መንገድ ነው። ስትሮክ አንድ ጎኑን ለያዘው ሰው ግን ያ ዳገት ከቤት የማያስወጣ አጥር ይሆንበታል። ለቁስቋም እናቶች ማገገም ማለት ለኅዳር 6 ንግሥ በእግር ደርሶ መመለስ፣ ነጠላን በራስ እጅ ማጣፋት፣ ሲኒን ሳያፈሱ መያዝ ነው። አቋማችን ግልጽ ነው፤ ሕይወቱ የተረፈን ሰው ወደዚህ የሚያደርስ ክትትል ሳይዘረጋለት ወደ ቤት መሸኘት ሕክምናን በእንጥልጥል መተው ነው።

ስትሮክ በዋናነት ሁለት ዓይነት ነው፤ አንዱ የረጋ ደም የአንጎልን ደም ሥር ሲደፍን፣ ሌላው ሥሩ ፈንድቶ ደም ሲፈስ የሚመጣ። ከውጭ ሲታዩ ይመሳሰላሉ፤ አፍ ይጣመማል፣ እጅ ይዝላል፣ ምላስ ይተሳሰራል። የሚለያቸው የሲቲ ስካን ምርመራ ነው። ደም የፈሰሰበት ሰው በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የመሞት አደጋው ከፍ ያለ ነው። ያንን ካለፈ ግን የፈሰሰው ደም እየተመጠጠ ሲሄድ ማንም ካሰበው በላይ ሊያገግም ይችላል። ሥር የተደፈነበት ሰው የማገገም ተስፋ በአብዛኛው በተጎዳው ቦታና ስፋት ይወሰናል። በአገራችን የልብ ቫልቫቸው በሩማቲክ በሽታ የተጎዳ ወጣቶችም ከልብ በተነሣ የረጋ ደም ይመታሉ። አስፕሪን ሥር ለተደፈነበት መድኃኒት ሲሆን ደም ለፈሰሰበት አደጋ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ «ስትሮክ ነው» ብሎ መሸኘት አይበቃም፤ ዓይነቱ በመውጫ ወረቀቱ ላይ ተጽፎ ለቤተሰቡ በአማርኛ ሊነገር ይገባል።

ሰውነት ፈጥኖ የሚያገግመው በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ነው፤ መሻሻሉ ከዚያም በኋላ ይቀጥላል። ያ ወርቃማ ጊዜ ግን በየቤቱ እንዴት እንደሚያልፍ እናውቃለን። ታማሚዋ በጋቢ ተሸፍነው ይተኛሉ፤ ልጆቻቸው ከፍቅር ብዛት ያጎርሷቸዋል፣ ያለብሷቸዋል። ሊሠራ ይችል የነበረው እጅ ሥራ ፈትቶ ይከርማል። ሲያነሷቸውም የዛለውን ክንድ ይዘው ይስባሉ፤ ትከሻውም ይወልቃል። ይህ የቤተሰብ ጥፋት አይደለም። ያሳያቸው ሰው የለም።

የጎንደር ዩኒቨርሲቲ በ1947 ዓ.ም. ሲመሠረት ጤና መኮንኖችን፣ የማኅበረሰብ ነርሶችንና የአካባቢ ጤና ባለሙያዎችን አሠልጥኖ ወደ ገጠር ሊያሰማራ ነበር። ዛሬ ፊዚዮቴራፒን ያስተምራል፤ ማኅበረሰብ አቀፍ የተሃድሶ ፕሮግራም አለው፤ ከካናዳው ኩዊንስ ዩኒቨርሲቲና ከማስተርካርድ ፋውንዴሽን ጋር ሆኖም የኦኩፔሽናል ቴራፒ (የዕለት ተዕለት ተግባርን መልሶ የሚያለማምድ ሕክምና) ትምህርት ጀምሯል። ቤት ለቤት መሄድ ለዚህ ተቋም እንግዳ አይደለም። ዩኒቨርሲቲውና የከተማው ጤና መምሪያ ተነጋግረው ከስትሮክ ተርፎ የሚወጣ እያንዳንዱ ሰው በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ቤቱ ድረስ የሚመጣ ባለሙያ እንዲኖረው ያድርጉ። የሠለጠነ ሰው አለን፤ የጎደለው ቅንጅት ነው።

እስከዚያው ቤተሰብ ሆይ፦ ጠበሉም ይቀጥል፣ የደም ግፊት መድኃኒቱ ግን ያለ ሐኪም ትእዛዝ አይቋረጥ። የዛለውን ክንድ አትጎትቱ። እናታችሁ መዋጥ ከቻሉና እጃቸው ትንሽም ከተንቀሳቀሰ ቁራሹን ራሳቸው ያንሡት፤ ቢፈስም ይፍሰስ፣ ታገሷቸው።