ዕዳው የተመራቂው፣ ቀጠሮው የሬጅስትራሩ

ለመሆኑ ሬጅስትራር የሚባለው ቢሮ የቆመው ለማን ነው? ኮስት ሼሪንግ የሚሉት የወጪ መጋራት በ1996 ዓ.ም. ሲጀመር የተነገረን ግልጽ ነበር። ተማሪው ይማራል፤ ሥራ ሲይዝ ከደመወዙ እየተቆረጠ ይከፍላል። ደግ።

ታዲያ የምናየው ምንድን ነው? ዕዳውን ላልጨረሰ የሚሰጠው ቴምፖ ብቻ ነው፤ ዋናው ዲግሪ መያዣ ሆኖ ይቀመጣል። ቀጣሪው ደግሞ «ኦሪጅናል አምጣ» ይላል። ሥራ ያጣ ልጅ ከየት አምጥቶ ይክፈል? ላሚቱን በረት ዘግቶ ወተት አምጣ ማለት ይሏል ይሄ ነው!

የከፈለውም አልዳነም። የታናሽ ወንድሜን ውክልናና ደረሰኝ ይዤ ክፍለ ሀገር ወደሚገኝ አንድ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ሄጄ ነበር። ረቡዕ «ፈራሚው ስብሰባ ናቸው» ተባልኩ። ሐሙስ «ሲስተም የለም»። ዓርብ ከሰዓት «ሰኞ ተመለስ»። የአልቤርጎውን ማን ይክፈል? እኔስ ተበድሬም ቢሆን አደርኩ። ከጎኔ የነበረች እናት፣ ልጅ ያዘለች፣ የሥራ ምዝገባው በማግስቱ ይዘጋባት ነበር። መስኮቱ ተዘጋ፤ እሷም ሄደች። ማን ይጠየቅ?

እዚሁ አዲስ አበባ ወረዳ መታወቂያ ለማደስ ብትሄዱም ያችው «ሲስተም የለም» ትጠብቃችኋለች። ሲስተም ሲጠፋ እስክሪብቶም አብሮ ይጠፋል እንዴ?

ትምህርት ሚኒስቴር ሰምቶ ከሆነ፣ ዕዳው ከደመወዝ እንዲቆረጥ ያስፈርምና ዲግሪውን ይልቀቅ። ሬጅስትራሩም ማስረጃው የሚደርስበትን ቀን በጽሑፍ ይስጥ፤ ካልደረሰለትም ምክንያቱን ጽፎ ይፈርምበት።